ግልጽ ደብዳቤ፦ ለሐረር ነርሶችና ድሬሰሮች አንድ ክፍል ይሰጣቸው

ለሐረሪ ክልል ጤና ቢሮ
ለሐረሪ ክልል ባህል፣ ቅርስና ቱሪዝም ቢሮ
ሐረር

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚሁ ሐረር፣ በበሽተኛ አልጋ ዙሪያ ነው። የምጽፍላችሁ ለከተማችን ነርሶችና ድሬሰሮች (ቁስል የሚያጥቡና የሚያሽጉ የጤና ረዳቶች) መታሰቢያ የሚሆን አንድ ክፍል እንድትሰጡን ለመለመን ነው። ሕንጻ ይሠራልን አላልኩም። በሩ የሚቆለፍ፣ ጣሪያው የማያፈስ አንድ ክፍል ይበቃናል። ከክፍሉ የሚቀድም አንድ አስቸኳይ ጉዳይም አለ። ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ፤ እባካችሁ እስከዚያ አንብቡኝ።

ሐሳቡ የመጣልኝ ለንደን ነው። ልጄ እዚያ ትኖራለች። ልጠይቃት በሄድኩበት ጊዜ “እማዬ፣ አንቺ የምትወጂው ቦታ አለ” ብላ የዘመናዊ ነርስነት መሥራች በምትባለው በፍሎረንስ ናይቲንጌል ስም ወደተሰየመው ሙዚየም ወሰደችኝ።

ሙዚየሙ ያለው ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ነው። ቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ከእንግሊዝ ፓርላማ ፊት ለፊት። ትንሽ ነው። ቸኩሎ የሚሄድ ሰው ሳያየው ያልፋል። እኔ ግን ከአንዱ የመስታወት ሣጥን ወደ ሌላው ስሄድ ሰዓቱ እንዴት እንደነጎደ አላወቅኩም። ይበልጥ ልቤን የነካው ደግሞ የቆመበት ቦታ ነው። ሙዚየም ሊያይ የመጣ ጎብኚ፣ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ፣ ከአዳር ተራ የወጣች ነርስ፣ ሁሉም በአንድ ግቢ ያልፋሉ። ናይቲንጌል የነርስ ትምህርት ቤቷን እ.ኤ.አ. በ1860 የከፈተችው በዚሁ ሆስፒታል ሥር ነው። እዚያ የምትሠራ ነርስ ሙያዋ ከየት እንደመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም።

ስለ ፋኖሱ ልንገራችሁ። በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ የነበረችው ናይቲንጌል እንደ ሻይ ማፍያ አፍ ያወጣ ኩራዝ ይዛ ነበር። ሙዚየሙ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። ላይና ታቹ ናስ፣ መሐሉ እየታጠፈ የሚሰበሰብ ጨርቅ የሆነ የቱርክ ፋኖስ ነው። ሻማው ውስጡ ይቆማል። ናይቲንጌል በጦርነት ጊዜ ቁስለኞች ባስታመመችበት በስኩታሪ ሆስፒታል ሌሊት ሌሊት ይጠቀሙበት የነበረው እንዲህ ያለው ነው። የሠዓሊዎቹ ኩራዝ ለዓይን ያምራል። ነርስ በእጇ አንጠልጥላ በነፋሻ ኮሪደር የምትሄድበት ግን ይሄኛው ነው። እኔም እንደማንኛዋም ነርስ ስመረቅ ሻማ ይዤ የናይቲንጌልን መሐላ ምያለሁ። መሐላውን የጻፈችው እሷ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1893 አሜሪካ፣ ዲትሮይት ውስጥ ነው የተዘጋጀው። ያን ፋኖስ ሳይ ግን ሻማው ለምን በእጃችን እንደተሰጠን ገባኝ።

አቴና የምትባል ትንሽ ጉጉትም አለች። ናይቲንጌል አቴንስ ሄዳ ሳለች አድና ያሳደገቻት ናት። ወደ ክራይሚያ ጦርነት ልትሄድ ስትነሳ ሞተችባት። አስደርቃ አስቀመጠቻት፤ ዛሬም አለች። እኛ አገር ጉጉት ቤት አናት ላይ ከጮኸች ክፉ ወሬ ይጠበቃል፤ ልጄም መጀመሪያ ፊቷን አዞረች። ከጉጉቷ አጠገብ ብዙ ሕፃናት ቆመው አየሁ። ሕፃን ልጅ ስለ ፍሳሽና ስለ ስታቲስቲክስ ለመስማት ሙዚየም አይሄድም። ጉጉት ለማየት ይገባል፤ ሌላውን እግረ መንገዱን ይማራል።

ሌላው ደግሞ ብዙ ነው። ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1854 38 ሴቶች አስከትላ ስኩታሪ ደረሰች። ቦታው ዛሬ ኢስታንቡል ውስጥ ኡስኩዳር የሚባለው ነው። የክራይሚያ ጦርነት ቁስለኞች በመርከብ ወደዚያ ይጫኑ ነበር። ከጥይቱ ይልቅ ኮሌራ፣ ተቅማጥና ታይፈስ ይፈጃቸው ነበር። ሆስፒታሉ የቆመው በተደፈነ የፍሳሽ ቦይ ላይ ነበር። እሷ ራሷ ባወጣችው አኃዝ መሠረት በፌብሩዋሪ 1855 ከመቶ ታካሚ 42ቱ ይሞቱ ነበር። በማርች የንጽሕና ኮሚሽን ከእንግሊዝ መጣ። ቦዩ ተጠረገ፣ አየር እንዲገባ ተደረገ። በጁን የሞት መጠኑ ወደ ከመቶ 2 ወረደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ደስ ይለኛል። ናይቲንጌል “እኔ ነኝ ያዳንኳቸው” ብላ አልተቀመጠችም። አገሯ ተመልሳ ቁጥሩን ሰበሰበች። ሊቀር በሚችል በሽታ የሞተውን በሰማያዊ፣ በቁስል የሞተውን በቀይ፣ በሌላ ምክንያት የሞተውን በጥቁር አድርጋ በክብ ሥዕል አሳየች። ሰማያዊው ቀዩን ውጦታል። ያንን ሥዕል ያየ ባለሥልጣን ቁጥር አይገባኝም ማለት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1858 የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች። እኛ በወር መጨረሻ ሪፖርት ስንሞላ ለጽሕፈት ቤት የሚደረግ ውለታ ይመስለን ነበር። ሪፖርት የሕክምናው አካል መሆኑን በዚህ መልኩ ያስተማረን ሰው አልነበረም።

ይህን ሳይ የሐረር ውኃ ነው ትዝ ያለኝ። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከተማው በጄሪካን ሲንከራተት ነርሶች ሥራ ላይ ነበሩ። በባልዲ ውኃ አዋልደናል። ቧንቧ የተገጠመላት ቢጫ ጄሪካን ሰቅለን እጃችንን ታጥበናል። ያቺ ጄሪካን የእኛ ፋኖስ ናት ብል አላጋነንኩም። ለክፍሉ የመጀመሪያዋ ዕቃ እሷ ብትሆን ደስ ይለኛል። ሐረር ተወልዶ ያደገ ልጅ ጄሪካን ምን እንደሆነች ማንም አያስረዳውም። ኢንፌክሽን መከላከል ማለት ምን እንደሆነ ግን እሷን አይቶ ይማራል።

ከሙዚየሙ ዕቃዎች ሁሉ በዓይኔ የቀረው ግን መዝገብ ነው። በናይቲንጌል ሥር ያገለገሉት ሴቶች የተመዘገቡበት ነው። ስለ ናይቲንጌል ዓለም ሁሉ ያውቃል። እነዚያን ሴቶች ግን ያ መዝገብ ባይኖር ማን ያስታውሳቸው ነበር? አንዱ ጸሐፊ መዘገበ፣ ሌላው ጠበቀ፣ ሌላው መስታወት ውስጥ አስቀመጠ። በዚህ ሁሉ እጅ ነው እዚህ የደረሱት።

ከሙዚየሙ ወጥተን በሆስፒታሉ የአትክልት ቦታ የሜሪ ሲኮልን ሐውልት አየን። ጃማይካ ውስጥ ኪንግስተን የተወለደች ጥቁር ሴት ናት። ክራይሚያ ሄዳ ለማገልገል ጠይቃ አልተቀበሏትም። በራሷ ገንዘብ ሄደች። ባላክላቫ አጠገብ ቤት ከፍታ ወታደሩን አበላች፣ አከመች። የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። ሐውልቷ የቆመው በ2016 ነው። ከ130 ዓመት በላይ ጠበቀች ማለት ነው። ሐውልቱ እንዲቆም ለዓመታት የታገሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው ያየሁት። እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቀው ሲኖር ብቻ ነው የሚሆነው። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ድፍረት የሰጠኝም ይኸው ነው።

እኛስ ማን አለን? ከሩቅ አልጀምርም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ የሐረሩ ራስ መኰንን የልጅ ልጅ ነበረች። አባቷ በስደት እንግሊዝ ሳሉ ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ እ.ኤ.አ. በ1939 ተመረቀች። የንጉሥ ልጅ ሆና የሕፃናት ዳይፐር ቀይራለች፣ አልጋ አንጥፋለች፣ አዳር ሠርታለች። አገሯ ተመልሳ ብዙ ሳትቆይ በ1942፣ በ22 ዓመቷ፣ ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር ሞተች። በስሟ አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒታልና የነርስ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ሆስፒታሉ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው። ናይቲንጌል ሙዚየም ውስጥ ቆሜ፣ የራስ መኰንን የልጅ ልጅ በዚህችው ከተማ ነርስነት ተምራለች እያልኩ ሳስብ፣ ሐረር ላይ ይህን የሚናገር አንድ ሰሌዳ እንኳ አለማየቴ ቆጨኝ።

ሐረር ሙዚየም የማታውቅ ከተማ ብትሆን ይህን አልጠይቅም ነበር። በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማችን ጁገል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የሸሪፍ ሙዚየም አንድ ሰው ከቤቱ ሆኖ ከሰበሰበው ተነስቶ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ሆኗል። ያረጁ የእጅ ጽሑፎች እዚያ ይጠገናሉ። አንድ ሰው ከቆረጠ ምን ማድረግ እንደሚችል ሐረር ራሷ አይታለች።

የራምቦ ቤትም አለን። ፈረንሳዊው ገጣሚ ከዚህች ከተማ እንዴት እንደወጣ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1891 ጉልበቱ አብጦ መቆም አቃተው። በቃሬዛ ተሸክመውት በረሃውን አቋርጠው ዘይላ ወደብ አደረሱት። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት ሞተ። ጎብኚ ሲመጣ የግጥሙን ነገር እንነግረዋለን። እኔ ደግሞ ቃሬዛውን የተሸከሙት ትዝ ይሉኛል። በዚያ ሙቀት የሚጮኽ በሽተኛ ተሸክሞ ለቀናት መሄድ ምን እንደሆነ በሽተኛ ያነሳ ሰው ያውቀዋል። አስጎብኚዎቻችን እነሱንም ቢያነሱ ምን አለበት?

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪካችንን ብናየው ደግሞ አንድ ክፍል ያንሰዋል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ካፑቺን ሚስዮናውያን እዚህ ሐረር ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ከፍተዋል። በሐረር አቅራቢያ ያለው የቢሲዲሞ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የጀርመኑ የሥጋ ደዌ ረድኤት ማኅበር የመጀመሪያ ሥራው ነበር። ቢሲዲሞ በአስተዳደር ከእናንተ ሥር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ታካሚውም ነርሱም ግን በሐረር በኩል ነው የሚያልፈው፤ ታሪኩ አንድ ነው። ሰው ዘመዱን ሸሽቶ በሚተውበት ዘመን እግር ያጠቡ ነርሶች ነበሩ። የሥጋ ደዌ ነርቭ ይገድላል። ሰውዬው እሾህ ሲወጋው፣ እሳት ሲያቃጥለው አይሰማውም። ስለዚህ በየቀኑ እግሩን ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ የደረቀውን ቆዳ መፈግፈግ፣ ቅባት መቀባት፣ ጫማውን ከፍቶ ጠጠር መፈለግ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገድላል። እግሩን የሚያተርፈው ይህ ሥራ ነው። የእግር መዘፍዘፊያ ሳሕን ከዚህ በላይ ምን ታሪክ ይፈልጋል?

የፈንጣጣ ከታቢዎችም አሉ። ጫፏ ሁለት ቅርንጫፍ የሆነች ትንሽ መርፌ ይዘው የምሥራቁን ቆላ በእግር ያካለሉት ናቸው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በ1980 ዓለም ከፈንጣጣ ነፃ መሆኗ ታወጀ። ከእኛ ዘመን ሰው ብዙው ክንዱ ላይ ጠባሳው አለ። መርፌዋን ግን ስንት ወጣት ነርስ አይቷት ያውቃል? ከዚያም የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት መጣ፤ ጦርነቱ ሐረር ደጃፍ ደረሰ። ስለዚያ ጊዜ የሚናገሩ ነርሶችና ድሬሰሮች ዛሬ ሸምግለዋል። እኔ ከእነሱ የሰማሁትን እዚህ አልጽፍም፤ ራሳቸው ቢናገሩት ይሻላል።

አሁን ወደ አስቸኳዩ ጉዳይ ልምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የጤና ተቋም የአሮጌ ንብረት ማስወገድ ተካሄደ። ስሙን አልጠራም፤ ሌላውም ቦታ የሚደረገው ተመሳሳይ ስለሆነ አንዱን መውቀስ ተገቢ አይደለም። የመስታወት ሲሪንጆች ነበሩ። እነሱ የሚቀቀሉባቸው የብረት ስቴሪላይዘሮች፣ ቀለማቸው የረገፈ የኢናሜል ሳሕኖች፣ ባለ ሚዛን የሕፃናት መመዘኛ፣ የአዋላጅ ቦርሳና በእጅ የተጻፉ ተረኛ መዝገቦች ነበሩ። ብረቱን ቁራሌው በኪሎ ወሰደው። ወረቀቱ ተቃጠለ። ቆሜ አየሁ፤ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ከኮሚቴው ጋር መከራከር አልቻልኩም። ኮሚቴው ጥፋት አልሠራም። የሚጠይቀው ዕቃው ይሠራል ወይስ አይሠራም ብሎ ነው። ይህ ቅርስ ነው ወይ ብሎ እንዲጠይቅ ያዘዘው የለም። ያንን ማዘዝ የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያ ልመናዬ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ጤና ቢሮው በሥሩ ላሉ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ይጻፍ፤ ለሌሎቹም በትብብር ይላክ። ከአሮጌ ዕቃ ከየዓይነቱ ቢያንስ አንድ ሳይወገድ ይቆይ። በማስወገድ ኮሚቴው ላይ ከባህልና ቅርስ ቢሮው አንድ ባለሙያ ይገኝ። የተመረጠው ዕቃ በንብረት መቀበያ ቅጹ በሞዴል 19 ገቢ ተደርጎ፣ ከየት እንደመጣና ማን ይጠቀምበት እንደነበር ተጽፎበት ይቀመጥ። ለዚህ አዲስ በጀት አይጠየቅም። ስቶር ውስጥ አንድ መደርደሪያ ይበቃል።

ቀጥሎ ድምፅ ነው። ዕቃ ይቆያል፤ ሰው ግን ይሄዳል። ጡረታ የወጡ ሲስተሮች፣ ድሬሰሮችና የልምድ አዋላጆች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። ሰፈሩ “ዶክተር” እያለ የሚጠራው አንድ አዛውንት ድሬሰር አውቃለሁ። ስለ ድሮው ስጠይቃቸው “አቦ ልጄ፣ ይሄን የሚሰማ አለ እንዴ?” አሉኝ። አለ ብያቸዋለሁ። እባካችሁ አታሳፍሩኝ። አሁን በሞባይል መቅዳት ይቻላል። የነርስ ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው ቢመደቡ አንድ አንድ ሰው ቀድተው ያስረክባሉ። ሁሉም በሚቀናው ቋንቋ ይናገር፤ በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአማርኛ። የሐረር ነርስ “የቱ ጋ ነው የሚያምህ?” ለማለት አራቱንም መቻል ነበረባት። ይህ ራሱ አንድ ግድግዳ የሚሸፍን ታሪክ ነው። የጁገል እናቶች አፎቻም (የሐረሪ መረዳጃ ማኅበር) ቢጠየቅ ማን ማንን እንዳዋለደ ከማንኛውም መዝገብ በላይ ያውቃል።

ክፍሉ ደግሞ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ቢሆን እመርጣለሁ። ጁገል ሆስፒታል ሊሆን ይችላል። ሕይወት ፋና ከሆነ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጋር መነጋገር ይጠይቃል፤ ተማሪዎቹ እዚያ ስለሚሠሩ ግን ድካሙ የሚያስቆጭ አይመስለኝም። ባህል ቢሮው ከጁገል ቤቶች አንዱን ቢሰጥም እሰየው ነው፤ ለጎብኚው ይቀርባል። ብቻ ልቤ ወደ ሆስፒታሉ ያደላል። በሽተኛዋን አስተኝታ ደጅ የምትጠብቅ እናት ገብታ ብታየው፣ ነጭ ጋዎን የለበሰችው ልጅ ከየት እንደመጣች ታውቃለች። የደከማት ነርስም ሻይ ሰዓቷ ላይ ገብታ ከእሷ በፊት የነበሩትን ታያለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይህን እንደ ነርስ አጥብቄ ነው የምናገረው። የበሽተኛ መዝገብ አይታይም። አሮጌ መዝገብ ውስጥ የሥጋ ደዌ፣ የአባላዘር፣ የኤች አይ ቪ ታካሚ ስም አለ። ልጆቹ ዛሬ በዚህች ከተማ ይኖራሉ። መዝገቡ ይጠበቅ፣ ይታሸግ፣ ሽፋኑ ብቻ ይታይ። የሠራተኛ መዝገብ ግን ይከፈት። የእኛ ስም ይታይ። የጽዳት ሠራተኞች፣ የቀብር ሠራተኞችና የአምቡላንስ ሾፌሮች ስምም አብሮ ይታይ። ፍሳሹን የጠረገ ሰው ስንት ነፍስ እንደሚያተርፍ ከስኩታሪ አይተናል።

በበኩሌ ነጭ ቆቤን፣ ደረቴ ላይ እሰካት የነበረችውን ሰዓት፣ ከነሣጥናቸው ያስቀረኋቸውን ሁለት የመስታወት ሲሪንጆች እሰጣለሁ። ሌሎች ጓደኞቼም ቤታቸው ያለውን እንደሚሰጡ ቃል ገብተውልኛል። ዕቃ በመለየት፣ ስም በመጻፍ፣ ተማሪ በማሳየት ያለ ክፍያ እናገለግላለን። የዓለም ነርሶች ቀን የሚከበረው ናይቲንጌል በተወለደችበት ግንቦት 4 ነው። ከዚያ በፊት መደርደሪያው ተሞልቶ፣ ለክፍሉ ቦታ ተወስኖ ብናይ ደስታችን ወሰን የለውም።

መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ጥያቄው ጥናት ያስፈልገዋል ካላችሁ ይጠና፤ እንታገሣለን። ጥናቱ እስኪያልቅ ግን በስቶሮቹ ያለው እንዳይወገድ ዛሬውኑ ስልክ ደውሉልን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንዲት ጡረታ የወጣች ነርስ
ሐረር